ዲግሪው አይዋሽም፦ በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ ከናዳ ለመራቅ

መጀመሪያ አንድ ወሬ እናጥፋ። ሰው ስለጮኸ የበረዶ ናዳ አይወርድም። አንዱ ሲጣራ ተራራው የሚናድበት ነገር ለፊልም ይሁን። ናዳን የሚያስነሳው ጫና ነው። አዲስ የወረደ በረዶ፣ ነፋስ የከመረው በረዶ፣ ዝናብ፣ አለዚያም የአንድ ሰው ኪሎ። የሚያናድደው ይህ የመጨረሻው ነው። ሰው ከገደሉ ናዳዎች ውስጥ ከ10 ዘጠኝ ያህሉን የቀሰቀሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው።

ክፉ ወሬ ይመስላል። እኔ ግን በጎ ጎኑን ነው የማየው። የምንቀሰቅሰው እኛ ከሆንን፣ የምንተወውም እኛ ነን።

ይህ መመሪያ ከስኪ መዝናኛው ክልል ውጪ፣ ማንም በማይቆጣጠረው ተራራ ላይ በእግር ወይም በስኪ ለሚሄድ ሰው ነው። የተግባር ሥልጠናን አይተካም። ሥልጠናው ላይ ስትገቡ ግን ባዶ እጃችሁን አትገቡም።

ምንድን ነው የሚናደው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ልል በረዶ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ፣ እንደተደፋ ዱቄት እየሰፋ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ሆናችሁ ከገፋችሁ ግን ትንሽነቱ አያድናችሁም።

ዋናው ገዳይ ሁለተኛው ነው፤ ንጣፉ። እንዲህ አስቡት። ጠረጴዛ ላይ ስኳር በትኑ። ስኳሩ ላይ ትሪ አስቀምጡ። አሁን ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ቀስ እያላችሁ አንሱት። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ትንሽ ቆይቶ ትሪው በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ትሪው ተያይዞ የጠነከረው የላይኛው በረዶ ነው። ስኳሩ ከሥሩ ያለው ደካማ ንብርብር ነው። ጠረጴዛው ያዘነበለበት ልክ ደግሞ የቁልቁለቱ ዲግሪ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ንጣፍ አይናድም።

ስኳር ያልኩት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ደካማው በረዶ ሲዘግኑት በእውነትም እንደ ስኳር ከጣት መሀል ይንዠቀዠቃል። የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት ሙቀቱ 0 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይቆያል። ላይ ያለው አየር ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። በረዶው ስስ ከሆነ ይህ ሁሉ የሙቀት ልዩነት በትንሽ ውፍረት ውስጥ ይጨናነቃል። እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይጓዛል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ የማይያያዙ ባለማዕዘን ፍሬዎች ይሆናሉ። ስለዚህ «ዘንድሮ በረዶው ትንሽ ነው፣ አያሰጋም» የሚለው ሰው ተሳስቷል። ስስ በረዶና ብርቱ ብርድ ሲገናኙ ነው ስኳሩ የሚመረተው።

ሌላው ደካማ ንብርብር አመዳይ ነው። ሰማይ በጠራበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት በረዶው ላይ እንደ ላባ ያብባል። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚያምር! ችግሩ በማግሥቱ አዲስ በረዶ ሲያለብሰው ነው። ከዚያ በኋላ አይታይም፤ ግን እዚያው አለ። አዲስ በረዶ ብቻውን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረጋጋል። የተቀበረ አመዳይና ስኳር ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አድፍጦ ይቆያል።

1. ቤት ሆናችሁ ወስኑ

ጥሩ ውሳኔ የሚወሰነው ከመውጣታችሁ በፊት፣ እግር ሳይበርድ ነው። ተራራ ላይ ደርሶ፣ ሦስት ሰዓት ወጥቶ፣ ጫፉ እየታየ «እንመለስ» ማለት ለማንም ይከብዳል።

በመጀመሪያ የናዳ ትንበያ አንብቡ። የስዊዘርላንዱ የበረዶና የናዳ ጥናት ተቋም በክረምት በየቀኑ 17:00 ሰዓት ላይ ያወጣል። ካናዳ፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያንና የአሜሪካዋ ኮሎራዶም የየራሳቸው አላቸው። መለኪያው 5 ደረጃ አለው፦ 1 ዝቅተኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ጉልህ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 3 ቁጥር ከ5 መሀል ላይ ስላለች «መካከለኛ» ትመስላለች። አይደለችም። አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ እኩል እየጨመረ ሳይሆን እየተባዛ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው የሚሞተውም ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው። በ4 እና በ5 ሰዉ ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። 3 በሆነበት ቀን ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጠርቷል፣ በረዶው አዲስ ነው፣ ሁሉም ይወጣል።

ከቁጥሩ በታች ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ። ችግሩ ምንድን ነው፦ አዲስ በረዶ፣ ነፋስ የከመረው፣ የቆየ ደካማ ንብርብር፣ እርጥብ በረዶ ወይስ ከነሥሩ የሚንሸራተት? ከስንት ሜትር ከፍታ በላይ? ወደ የትኛው አቅጣጫ በዞረ ቁልቁለት? እነዚህን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ካርታ አውጡና መንገዳችሁ በእነዚያ ቦታዎች ያልፍ እንደሆነ እዩ። ካለፈ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

2. ዲግሪውን ለኩ

መመሪያውን በሙሉ ብትረሱ እንኳ ይቺን ክፍል አትርሱ። በረዶ ውስጡ አይታይም። ባለሙያ ያየውን ሌላ ባለሙያ ላይስማማበት ይችላል። ዲግሪ ግን ይለካል፣ አይከራከርም።

ንጣፍ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። በብዛት የሚገኘው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ ለስኪ ደስ የሚለው ቁልቁለትም እሱው ነው! ከ30 በታች ሆናችሁ፣ ከበላያችሁም ከ30 የሚበልጥ ከሌለ፣ ችግሩን በሙሉ ማለት ይቻላል አስወግዳችኋል።

«ከበላያችሁ» የሚለውን ልብ በሉ። ሜዳ ላይ ቆሞ የተቀበረ ሰው አለ። ናዳው የሚነሳው ከላይ ነው፤ የሚያርፈው ታች ነው። ደካማው ንብርብር ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሜዳው ላይ የረገጣችሁት እርምጃ ሩቅ ያለውን ቁልቁለት ሊጥለው ይችላል።

በካርታ ለመለካት፦ ካርታው 1:25,000 ሆኖ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ከሆኑ፣ በሁለት መስመሮች መሀል ያለው ክፍተት 1.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ነው። ከዚያ ከጠበበ ይበልጣል። ዲግሪውን በቀለም የሚያሳዩ የስልክ አፖችም አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ትንንሽ ጉብታዎችን ግን ሊዘልሉ ይችላሉ።

ቦታው ላይ ደግሞ በሁለት የስኪ ዱላ ይለካል። እኔ የምወደው ይሄንን ነው፤ ባትሪ አያልቅበትም። ዱላዎቹ እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ከዚያ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛውን ዱላ፣ ውሃ ቢፈስ በሚወርድበት መስመር፣ በረዶው ላይ አጋድሙት። ተጫኑት፤ ምልክት ይተው። የታችኛው ጫፍ ያረፈበት ቦታ በደንብ ይታይ። አሁን የላይኛውን ጫፍ ከቦታው ሳታነቃንቁ የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አንሱ። ሁለተኛውን ዱላ ከተነሳው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ። የተንጠለጠለው ዱላ በረዶውን ልክ እስኪነካ ድረስ አንደኛውን ከፍ ዝቅ አድርጉ። የነካው ቦታ ከምልክቱ ጋር ከገጠመ 30 ዲግሪ ነው። ከምልክቱ ወደ ታች ካለፈ ከ30 ይበልጣል። ከምልክቱ በላይ ከቀረ ያንሳል። ዱላው 120 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 3 ዲግሪ ያህል ደምሩ።

ሚስጥሩ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ሦስቱ ጎኖች እኩል ሲሆኑ እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ይሆናል፤ 90 ሲቀነስ 60፣ 30። ይህን ስትሠሩ ግን ዋናው ቁልቁለት መሀል አትግቡ። ጠርዙ ላይ ያለች፣ ያው ዝንባሌ ያላት ትንሽ ቦታ ትበቃለች። ስትለኩም አማካዩን ሳይሆን በጣም የቆመውን ክፍል ነው።

3. ጠዋት ዕቃችሁን ፈትሹ

ሦስት ዕቃ ግዴታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው። ትራንሲቨር (የተቀበረን ሰው በሲግናል የሚያገኝ መሣሪያ)፣ የመፈለጊያ ዘንግ፣ አካፋ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙም አይጠቅሙም። በትራንሲቨር ያገኙትን ሰው በእጅ መቆፈር አይቻልም፤ የቆመ ናዳ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል።

ትራንሲቨር በ457 ኪሎ ኸርትዝ ሲግናል ይልካል፣ ይቀበላልም። የማንም ፋብሪካ ይሁን እርስ በርስ ይግባባል። ሰውነት ላይ፣ ከላይኛው ጃኬት ሥር ይታሰራል። ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም፤ ናዳ ቦርሳን ይነጥቃል። ስልክ ሲግናሉን ይረብሻል። በመላክ ጊዜ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በፍለጋ ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ዘንጉ 240 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። አካፋው ብረት እንጂ ፕላስቲክ አይሁን።

ከመነሳታችሁ በፊት አንዱ ወደ ፊት ሄዶ ይቁም። ሌሎቹ እየተራራቁ አንድ በአንድ በፊቱ ይለፉ። የእያንዳንዱ ሲግናል ይሰማ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባትሪው ያለቀበት ሰው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ኤርባግ (ሲስቡት የሚነፋ ከረጢት ያለው ቦርሳ) ካላችሁ መልካም ነው፤ ላይ ላዩን እንድትቀሩ ያግዛል። ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ ከተላተማችሁ ግን ምንም አያደርግም። ኤርባግ ስላለኝ ልድፈር የሚል ሰው ካለ ባይወጣ ይሻላል።

4. መንገድ ላይ ዓይንና ጆሮ ክፈቱ

ተራራው ራሱ ይናገራል። እነዚህን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ከ30 ዲግሪ በላይ ያለውን ሁሉ ተዉት፦

- በቅርቡ የወረደ ናዳ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። እሱ ከወረደ በተመሳሳይ አቅጣጫ የዞረው ጎረቤቱም ሊወርድ ይችላል።
- ስትረግጡ «ዱምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ። በጆሮ ከመሰማቱ በፊት በሆድ ይሰማል። ደካማው ንብርብር ከሥራችሁ ሲወድቅ ነው። ሜዳ ላይ ስለሆናችሁ ብቻ ነው ያላንሸራተታችሁ።
- ከእግራችሁ ተነስቶ የሚሮጥ ስንጥቅ።
- ባለፉት 24 ሰዓታት የወረደ ብዙ በረዶ፣ ወይም በረዶ ላይ የዘነበ ዝናብ።
- ድንገተኛ ሙቀት። በረዶው ከዛፍና ከድንጋይ ላይ እየተንከባለለ መውደቅ ከጀመረ ሰዓታችሁ አልፏል።

ነፋስን ለብቻው ላንሳው። ከሰማይ አንድም ቅንጣት ሳይወርድ ነፋስ ብቻውን አደጋ ይሠራል። በረዶውን ከተራራው አንድ ጎን ይጠርግና ከሸንተረሩ ማዶ፣ ከለላ ባለበት ጎን ይከምረዋል። የተከመረው ለስላሳና ያበጠ ይመስላል፤ ሲረግጡት እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ወደ ገደሉ የተንጠለጠለ የበረዶ ከንፈር ካያችሁ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ነገራችሁ። ከንፈሩ ወዳዘነበለበት ጎን አትውረዱ። ጫፉ ላይም አትቁሙ። ሲሰበር ከምትገምቱት በላይ ወደ ኋላ ገብቶ ነው የሚሰበረው።

ጉድጓድ ቆፍሮ በረዶውን መፈተንስ? ይቻላል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ቆርጣችሁ፣ አካፋውን አናቱ ላይ አስቀምጣችሁ ትመታላችሁ፦ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ። በቶሎ ከተሰበረና ለስላሳ ሆኖ ከተንሸራተተ ክፉ ምልክት ነው። የእኔ ምክር ግን ይሄ ነው፦ ፈተናው «አይሆንም» ካለ እመኑት፤ «ይሆናል» ካለ ግን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ጉድጓዱ የሚናገረው ስለ ጉድጓዱ ነው። ከዚያ 20 ሜትር ርቆ ሌላ ታሪክ ሊኖር ይችላል።

5. ስትሻገሩ አንድ በአንድ

አጠራጣሪ ቦታ መሻገር ግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይንቀሳቀስ። ሌላው ከናዳው መስመር ውጪ ቆሞ ዓይኑን አይንቀል። ዱላ ማሰሪያውን ከእጅ አውልቁ፤ የታሰረ ዱላ ወደ ታች ይጎትታል። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ግን እሰሩ።

መስመር ስትመርጡ ሸንተረሩን አስቀድሙ። ሆዱን የነፋ ቁልቁለት ላይ አትግቡ፤ ንጣፉ የሚወጠረው እዚያ ነው። ከሥራችሁም ምን እንዳለ እዩ። ገደል ነው? ዛፍ ነው? በረዶ የሚጠራቀምበት ጠባብ ቦረቦር ነው? ትንሽ ናዳ እንኳ ቦረቦር ውስጥ ሰውን በጥልቀት ይቀብራል።

የመቆሚያ ቦታ ምርጫ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ታነል ክሪክ በሚባለው ቁልቁለት ላይ ከ12 የሚበልጡ ስኪ ተጫዋቾች ወረዱ። ብዙዎቹ አንቱ የተባሉ ነበሩ። ናዳው ሦስቱን ገደለ። አንዲት ሴት ተጠርጋ ወርዳ በሕይወት ተረፈች፤ ኤርባጓን ነፍታ ነበር። ችሎታም ልምድም ሞልቷቸው ነበር። ሰው ሲበዛ ግን ሁሉም «ሌላው አስቦበታል» ብሎ ይከተላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሕግ አውጡ፦ ከመሀላችሁ አንድ ሰው ብቻ እንኳ «አልተመቸኝም» ካለ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ መመለስ። ይሉኝታ ለዚህ ቦታ አይሆንም።

የሌላ ሰው ዱካም አያታልላችሁ። ትናንት ሰው አለፈበት ማለት ትናንት አልወረደም ማለት ብቻ ነው።

6. ናዳው ከያዛችሁ

ሰከንዶች ናቸው ያሏችሁ። ጩኹ፤ ጓደኞቻችሁ ያዩአችሁ። ኤርባጉን ሳቡ። ወደ ጎን ለማምለጥ ሞክሩ። ዱላ ጣሉ። ካልተሳካ ላይ ለመቅረት ታገሉ። ናዳው ማዝገም ሲጀምር፣ ከመቆሙ በፊት፣ እጃችሁን አፍና አፍንጫችሁ ላይ አምጡ፤ መተንፈሻ ክፍተት ይፈጥራል። አንዴ ከቆመ ጣት እንኳ አይነቃነቅም።

7. ጓደኛችሁ ከተቀበረ

ረዳት የሆናችሁት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጡት ከ10 ዘጠኝ ያህሉ ይተርፋሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ያ ጊዜ ያልፋል።

መጀመሪያ ሌላ ናዳ ሊወርድ ይችል እንደሆነ እዩ። መጨረሻ የታየበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ወዲያው ይደውል። ብቻችሁን ከሆናችሁና ስልክ ወዲያው ካልሠራ መፈለጉ ይቀድማል። አንድ ሰው ያዝዝ። ሁሉም ትራንሲቨሩን ወደ ፍለጋ ይቀይር፤ አንዱ እየላከ ከቀረ ሁሉንም ያሳስታል።

ሲግናል እስኪገኝ በ40 ሜትር ልዩነት እየተመላለሳችሁ ወደ ታች ውረዱ። በዓይንም ፈልጉ፤ ጓንት፣ ስኪ፣ እጅ። ሲግናሉ ሲያዝ ቀስቱን ተከተሉ፤ ቁጥሩ ይቀንስ። ቀስቱ ቀጥ ባለ መስመር ላይወስዳችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ። 10 ሜትር ሲል ፍጥነት ቀንሱ። 3 ሜትር ሲል ተንበርከኩ። መሣሪያውን በረዶው ላይ አስጠግታችሁ፣ አቅጣጫውን ሳትቀይሩ፣ በመስቀል ቅርጽ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱት። ትንሹ ቁጥር የታየበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ዘንግ። በረዶው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ውጉ፤ ቁልቁለት ከሆነ ዘንጉ ከቁልቁለቱ ፊት ጋር ቀጥ ማዕዘን ይሥራ። በየ25 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከመሀል ወደ ውጪ እየዞራችሁ። ሰው ሲነካ መሬት እንደሚነካው አይደለም፤ ለስለስ ብሎ ይመልሳል። አንዴ ካገኘ ዘንጉን አትንቀሉት።

ቁፋሮው ነው ረጅሙ ሥራ። ዘንጉ አናት ላይ ቆማችሁ ወደ ታች አትቆፍሩ። ሥሩ ያለው ሰው ያላት ትንሽ አየር ትደፈናለች። ዘንጉ ላይ ጥልቀቱን አንብቡ፤ 1 ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ወደ ቁልቁለቱ ታች ራቁ። ከዚያ ወደ ሰውየው ገብታችሁ ቆፍሩ። በረዶውን ወደ ላይ አታንሱ፤ ወደ ኋላ ግፉት፣ ከኋላ ያለው ያስወግደው። 1 ኪዩቢክ ሜትር የናዳ በረዶ 400 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ የፊተኛው ቆፋሪ ሳይደክም ይቀየር።

ሰውነቱን ስታገኙ መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቱ። አፍና አፍንጫውን ጥረጉ። ደረቱ ላይ ያለውን በረዶ አንሱ፤ ደረት ካልተነሳ ሳንባ አይከፈትም። ካልተነፈሰ ወዲያው ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ ደረቱን እየተጫናችሁ ቀጥሉ። ረጅም ጊዜ ተቀብሮ የቀዘቀዘ ሰው የሞተ ቢመስልም ሞቷል ብላችሁ አትወስኑ። አታገላብጡት፤ የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ ንቅናቄ ይስታል። ከበረዶው ላይ ለዩት፣ በደረቅ ልብስ ጠቅልሉት። ሙሉ በሙሉ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት።

ሄሊኮፕተሩ ሲቃረብ ቦርሳና ጃኬቱን ሁሉ ሰብስባችሁ ተቀመጡበት። ነፋሱ ያልታሰረውን ሁሉ ያነሳል።